የምንውጠው ማሟያና የሚመረመረው ደማችን

ደሙን አስመርምሮ የውጤቱን ወረቀት የተቀበለ ሰው ያንን ወረቀት የሚመለከተው ዳኛ እንደ ፈረመበት ፍርድ አድርጎ ነው። በላዩ የተጻፈው ቍጥር ከፍ ብሎ ቢያገኘው ይደነግጣል፤ ዝቅ ብሎ ቢያገኘው ያዝናል፤ ልከኛ ሆኖ ቢያገኘው ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጤነኛ ነኝ» ብሎ ተደስቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህም እምነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በሽታን ለይቶ ለማወቅ ከተገኙት ዘዴዎች መካከል የደም ምርመራን ያህል የሚጠቅሙት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ወረቀቱ የሚናገረው ለምርመራ ስለ ተሰጠው ደም ብቻ ነው። በዚያ ደም ውስጥ ደግሞ የሚገኘው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ትናንት ማታና ዛሬ ጧት የዋጠው ነገር ሁሉ አብሮ ይገኛል።

በዚህ ወር ለራቤልና ለአካባቢው መምህራን፣ እንዲሁም ጽሑፋችንን ዘወትር ለሚያነቡ የከተማው ነዋሪዎች ልንገልጽ ያሰብነው ስለዚሁ ነገር ነው። ከከተማችን ተነሥቶ ለከባድ ምርመራ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብዙ ይደክማል። የመኪናውን፣ የማደሪያውንና የምርመራውን ዋጋ ለመክፈል በጉን የሚሸጥም አለ። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥቶ ያገኘው ውጤት በአንዲት ትንሽ ኪኒን ምክንያት የተዛባ ሆኖ ቢገኝ፣ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የሌለበትን በሽታ መድኀኒት ሊወስድ፣ ወይም ያለበትን በሽታ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

ማሟያ ማለት ምን ማለት ነው?

የምግብ ማሟያ የምንለው ከምግብ የሚገኙትን ቪታሚኖች፣ ማዕድኖችና እነዚህን የመሳሰሉ ነገሮች በኪኒን፣ በዱቄት ወይም በፈሳሽ መልክ አዘጋጅቶ የሚሸጠውን ነው። ዛሬ በየመድኀኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ብዙ ዐይነት ማሟያ ተደርድሮ ይታያል። ከአዲስ አበባ ከሚመጡ ልጆች፣ ከዐረብ አገርና ከአሜሪካ ከሚመለሱ ዘመዶችም በስጦታ መልክ ይደርሰናል። አንዱ ብልቃጥ «ለጠጕርና ለጥፍር» ይላል፤ ሁለተኛው «ለአጥንት»፤ ሦስተኛው «ለብርታት» ይላል። በውሃ ውስጥ ሲጣል እየፈላ የሚሟሟው የቪታሚን ሲ ኪኒንም በብዙ ቤት የታወቀ ሆኗል።

ከፋብሪካ ከሚመጣው ሌላ የአገራችንም ነገር አለ። አብሽ በውሃ ዘፍዝፎ በባዶ ሆድ የሚጠጣ፣ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ከገበያ ገዝቶ በሻይ የሚወስድ፣ ጥቍር አዝሙድ ከማር ጋር የሚልስ ሰው ጥቂት አይደለም። እነዚህም ለምግብነት ሳይሆን ለጤና ተብለው ሲወሰዱ በማሟያ ተራ ይቈጠራሉ።

ማሟያ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን እንዳልሆነ ከወዲሁ ልብ ይሏል። ነፍሰ ጡር እናቶች በጤና ጣቢያ የሚቀበሉት ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ሲሆን፣ ለእናቲቱም ለፅንሱም የሚጠቅም ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቪታሚን ኤም እንደዚሁ የተፈተነና የታወቀ ጥቅም አለው። የምንናገረው ማሟያን ስለ መጥላት ሳይሆን ማሟያን ስለ መሸሸግ ነው።

የመሸሸጉም ነገር ሆን ተብሎ የሚደረግ አይደለም። የጤና ሠራተኛው «የምትወስዱት መድኀኒት አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ታማሚው በቅን ልቡ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ልጁ የላከችለት ብልቃጥ በእርሱ ዘንድ ስጦታ እንጂ መድኀኒት አይደለምና። አብሹም ከማጀት የመጣ እንጂ ከሐኪም የታዘዘ አይደለም። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኀኒት አይገኝለትም» ያሉት ቃል፣ የሚውጠውን ለሚሸሽግም ሰው የሚሠራ ነው።

ማሟያ የደም ምርመራን የሚነካው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ መሣሪያውን በማሳሳት፤ ሁለተኛ፣ ደሙን በእውነት በመለወጥ፤ ሦስተኛ፣ የበሽታን ምልክት በመሸፈን ነው። እያንዳንዱን በተራው እንመለከታለን።

መሣሪያው እንዴት ይቈጥራል?

በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ በአጉሊ መነጽር እንኳ አይታይም። ስለዚህ ሊቃውንት የሚፈልጉትን ነገር ብቻ ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖችን አዘጋጅተው በእነርሱ አማካይነት ይቈጥሩታል። ነገሩን ለእኛ አገር ሰው በሚገባ ምሳሌ እንግለጸው።

አንድ ባለ በግ ከብዙ መንጋ መካከል የራሱን በጎች ብቻ ለይቶ መቍጠር ቢፈልግ፣ በየአንዳንዱ በግ አንገት ገመድ ያገባና ገመዱን ከችካል ጋር ያስራል። ያልታሰሩትን ሁሉ ካባረረ በኋላ በችካሉ ላይ የቀሩትን ይቈጥራል። በብዙ ላቦራቶሪዎች ያለው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ አኳኋን ነው። በጉ በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ነው። ገመዱ ባዮቲን የሚባል ቪታሚን ነው። ችካሉ ደግሞ ስትሬፕታቪዲን የሚባል፣ ከባክቴሪያ የተገኘ ፕሮቲን ነው። ባዮቲንና ስትሬፕታቪዲን በተገናኙ ጊዜ አንዱ ሌላውን አጥብቆ የመያዙ ኀይል በተፈጥሮ ከሚታወቁት መተሳሰሮች ሁሉ እጅግ ከጠነከሩት ወገን ስለ ሆነ፣ መሣሪያ ሠሪዎቹ መርጠው የተጠቀሙባቸው ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ማንም ያልጠራው ባዶ ገመድ በብዛት መጥቶ ችካሎቹን ሁሉ አስቀድሞ ቢይዛቸው ምን ይሆናል? በጎቹ የሚታሰሩበት ስፍራ ያጣሉ፤ ካልታሰሩትም ጋር አብረው ይባረራሉ፤ ቈጣሪውም መቶ በግ ሳለ «ዐሥር ብቻ ነው» ብሎ ይጽፋል። ባዮቲን በብዛት የዋጠ ሰው ደም ወደ መሣሪያው በገባ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሌላም ዐይነት አቈጣጠር አለ። በዚህኛው መሣሪያው በችካሉ ላይ የሚቈጥረው የታማሚውን ሆርሞን ሳይሆን፣ ላቦራቶሪው ራሱ ምልክት አድርጎ የጨመረውን ነው። የታማሚው ሆርሞን ብዙ ከሆነ ስፍራውን ስለሚሻማ ምልክት ያለው ጥቂት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የቀረው ባነሰ መጠን መሣሪያው «የታማሚው ሆርሞን ብዙ ነው» ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ጊዜ ባዶው ገመድ ችካሉን ቢይዘው ስሕተቱ ይገለበጣል፤ ጥቂት የነበረው ብዙ ሆኖ ይጻፋል። አንድ ቪታሚን በአንድ ሰው ደም ውስጥ አንዱን ውጤት ዝቅ፣ ሌላውን ውጤት ከፍ የሚያደርግበት ምሥጢር ይህ ነው።

ባዮቲን ከቢ ቪታሚኖች ወገን ነው። ቪታሚን ቢ7 ይባላል፤ ቀድሞም ቪታሚን ኤች ይባል ነበር። በእንቍላል አስኳል፣ በጉበት፣ በለውዝና በጥራጥሬ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ምግቡን በደኅና የሚመገብ ሰው የባዮቲን እጦት የሚያገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ያህል ነው። «ለጠጕርና ለጥፍር» እየተባለ የሚሸጠው ኪኒን ግን ብዙውን ጊዜ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ይይዛል። መምህራን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ቢያካፍሉት፣ 10,000 የያዘችው አንዲት ኪኒን ከዕለቱ ፍላጎት 333 ጊዜ ያህል ትበልጣለች። በምግብ የሚገኘው ባዮቲን ምርመራን አያዛባም፤ የሚያዛባው ይህን የመሰለው ከልክ ያለፈ መጠን ነው።

እንቅርትና ባዮቲን

ይህ ነገር ለደጋው አገራችን ሰው በተለይ የሚያሳስብበት ምክንያት አለው። በከፍተኛ ስፍራ ዝናብና ጎርፍ አፈሩን እያጠበ አዮዲን የተባለውን ማዕድን ስለሚወስደው፣ በብዙ የኢትዮጵያ ደጋ እንቅርት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ በሽታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ታትሞ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአገራችን ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር። መንግሥትም ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ቍጥር 204ን አውጥቷል። ይሁን እንጂ ቀድሞ ያበጠ እንቅርት ያላቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ለታይሮይድ ምርመራ ይላካሉ።

እስቲ አንዲት መምህርት በሐሳባችን እንመልከት። አንገቷ ላይ አነስተኛ እብጠት አለባት፤ ሌላ ሕመም የለባትም። ሐኪሙ ለጥንቃቄ ብሎ የታይሮይድ ምርመራ ያዝዝላታል። እርሷ ግን ጠጕሯ ስለ ሳሳ እኅቷ ከውጭ አገር የላከችላትን ኪኒን በየጧቱ ስትወስድ ሁለት ወር ሆኗታል። በምርመራው ዕለትም ጧት አንዲት ኪኒን ውጣ ወጥታለች።

የታይሮይድ ምርመራ በዋናነት ሁለት ነገር ይለካል። አንዱ ቲኤስኤች ሲሆን፣ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ወጥቶ የታይሮይድን ዕጢ «ሥሪ» ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ነው። ሁለተኛው ቲ4 ሲሆን፣ የታይሮይድ ዕጢ ራሷ የምታመነጨው ነው። ቲኤስኤች የሚቈጠረው በመጀመሪያው ዐይነት ዘዴ ስለ ሆነ ባዮቲን በሐሰት ዝቅ ያደርገዋል። ቲ4 የሚቈጠረው በሁለተኛው ስለ ሆነ በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ቲኤስኤች ዝቅ፣ ቲ4 ከፍ ማለት ደግሞ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ የሠራችበት በሽታ የታወቀ መልክ ነው። ሁለቱ የሐሰት ምስክሮች እርስ በርሳቸው ስለሚስማሙ፣ ነገሩ ይበልጥ እውነት ይመስላል።

ይህን ወረቀት ብቻ አይቶ መድኀኒት የሚያዝ ቢኖር፣ መምህርቲቱ የሌለባትን በሽታ መድኀኒት ልትጀምር ነው። የታይሮይድን ሥራ የሚቀንሰው መድኀኒት ደግሞ ጤነኛዋን ዕጢ ከማዳከሙም በላይ፣ አልፎ አልፎ በሽታን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት አሳንሶ ለብርቱ አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ነው ሐኪም ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ማየት ይገባዋል የሚባለው። ክብደቷ ካልቀነሰ፣ ልቧ ካልፈጠነ፣ እጇ ካልተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካላስቸገራት፣ «እኅቴ ሆይ፣ የምትወስጂው ቪታሚን አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ወር መድኀኒት ይሻላል።

ሁሉም መሣሪያ በባዮቲን ገመድ የሚሠራ እንዳልሆነ፣ አንዳንድ ሠሪዎችም ከጊዜ በኋላ መሣሪያቸውን እንዳሻሻሉ መግለጽ ይገባል። እንደ ሄሞግሎቢን ያለው የደም ማነስ ምርመራም በዚህ ዘዴ ስለማይሠራ በባዮቲን አይነካም። ነገር ግን ታማሚው የትኛው ላቦራቶሪ በየትኛው መሣሪያ እንደሚሠራ ሊያውቅ ስለማይችል፣ የሚሻለው አስቀድሞ መናገር ነው።

የልብ ሕመም ሲመጣ

በባዮቲን ምክንያት የሚደርሰው ስሕተት ሰው እስከ መሞት ሊያደርስ መቻሉ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. (ኖቬምበር 2017) ለሐኪሞችና ለሕዝብ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ባዮቲን በብዛት ይወስድ የነበረ አንድ ታማሚ የትሮፖኒን ምርመራው በሐሰት ዝቅ ብሎ ከተገኘ በኋላ መሞቱን ገልጿል። ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ገና አድሶ አውጥቶታል።

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ በተጐዳ ጊዜ ወደ ደም የሚፈስ ፕሮቲን ነው። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሰው ወደ ሆስፒታል በደረሰ ጊዜ፣ የልብ ሥር መዘጋቱን ለማወቅ ከሚደረጉት ምርመራዎች ዋነኛው የትሮፖኒን ልክ ነው። ልኩ በሐሰት ዝቅ ብሎ ከተጻፈ፣ በልብ ድካም ላይ ያለው ሰው «ደኅና ነህ» ተብሎ ሊሰናበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሕመም ባዮቲን እስኪጠራ ድረስ ሁለት ቀን ጠብቁ የሚባልበት አይደለም። ስለዚህ በድንገተኛ ሕመም ጊዜ አስታማሚው «ይህን ይወስዳል» ብሎ ወዲያው ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ቪታሚን ሲና የስኳር ምርመራ

መሣሪያን የሚያሳስተው ሌላው ማሟያ ቪታሚን ሲ ነው። አንድ ጤናማ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 100 ሚሊግራም አይሞላም፤ በውሃ የሚሟሟው ኪኒን ግን ብዙ ጊዜ 1,000 ሚሊግራም ነው። ትርፉን ሰውነታችን በሽንት ያስወጣዋል።

በሽንት ውስጥ ስኳር ወይም ደም መኖሩን የሚለየው የወረቀት ዘንግ ቀለሙን የሚለውጠው በኬሚካል ለውጥ አማካይነት ነው። በሽንቱ ውስጥ የበዛው ቪታሚን ሲ ግን ቀለሙ ከመውጣቱ በፊት ገብቶ ለውጡን ያከሽፈዋል። ስለዚህ ስኳር ወይም ደም በሽንቱ ውስጥ እያለ ወረቀቱ ሳይለወጥ ሊቀር፣ ታማሚውም «ምንም የለም» ሊባል ይችላል።

በጣት ደም ስኳርን የሚለኩት ትንንሽ መሣሪያዎች ደግሞ፣ በአንዳንዶቹ ዘንድ፣ ተቃራኒው ይደርስባቸዋል። ቪታሚን ሲን ከስኳር ለይተው ስለማያውቁት የስኳሩን ልክ ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ይህ በይበልጥ የሚታየው ቪታሚን ሲ በደም ሥር በመርፌ በብዛት በተሰጠ ጊዜ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የሐሰቱን ከፍተኛ ቍጥር አይቶ ኢንሱሊኑን ቢጨምር፣ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ደሙን በእውነት የሚለውጡ ማሟያዎች

እስካሁን የተናገርነው መሣሪያውን ስለሚያሳስቱት ነው። ሌሎቹ ግን መሣሪያውን አያሳስቱም፤ ደሙን ራሱን ይለውጡታል። ወረቀቱ እውነት ይናገራል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም።

የብረት ኪኒን የዋጠ ሰው ለጥቂት ሰዓታት በደሙ ውስጥ ያለው ብረት ከፍ ይላል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚዞረውን ብረት ለመለካት የታዘዘ ሰው፣ ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ ከምርመራው በፊት ለ24 ሰዓት ኪኒኑን እንዲያቆይ ይመከራል። ሄሞግሎቢን ግን በአንድ ጧት ኪኒን አይለወጥም፤ የሚሻሻለው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። ስለሆነም ነፍሰ ጡር እናቶች ለደም ማነስ ምርመራ ብለው ኪኒናቸውን ማቋረጥ አይገባቸውም። ብረት ሰገራን እንደሚያጠቍረውም አውቀው አይደንግጡ።

«ለአጥንት» የሚባለው ማሟያ ብዙውን ጊዜ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ አለው። ቪታሚን ዲ ያለ ልክ ለብዙ ጊዜ ቢወሰድ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጐዳል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰውነታቸውን በስፖርት የሚያዳብሩ ወጣቶች የሚወስዱት ክሬቲን የተባለ ዱቄት ደግሞ፣ ኩላሊታቸው ጤነኛ ሳለ፣ ለኩላሊት ምርመራ የሚለካውን ክሬቲኒን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ወጣቱ ያልታመመ ኩላሊቱን ታመመ ብሎ እንቅልፍ ያጣል።

አብሽ የደም ስኳርን በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። የስኳር በሽታ መድኀኒት የሚወስድ ሰው በላዩ አብሽ ቢጨምርበት ስኳሩ ከታሰበው በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ደግሞም በባዶ ሆድ ለሚደረገው የስኳር ምርመራ ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ከንጹሕ ውሃ በቀር ምንም መቅመስ አይፈቀድም። «እህል አልቀመስሁም» የሚል ሰው አብሹን በማር በጥብጦ ጠጥቶ ከመጣ፣ የተለካው የባዶ ሆድ ስኳር አይደለም።

የልባቸው በር በቀዶ ጥገና ተለውጦ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱትንም መርሳት የለብንም። ቪታሚን ኬ የዚህን መድኀኒት ሥራ ይቃወማል። ባለብዙ ቪታሚኑ ብልቃጥ ቪታሚን ኬ የያዘ ከሆነ፣ የደማቸው ማቅጠኛ ልክ ወርዶ ደማቸው በሰው ሠራሹ በር ላይ ሊረጋ ይችላል። ጎመንም ቪታሚን ኬ በብዛት ስላለው፣ የሚመከረው ጎመንን መተው ሳይሆን በየሳምንቱ በተመሳሳይ መጠን መብላት ነው።

የበሽታን ምልክት ስለሚሸፍን ማሟያ

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ረቂቅ ነው። ደም የሚሠራው ፎሊክ አሲድና ቪታሚን ቢ12 ተባብረው ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጐድል ተመሳሳይ የደም ማነስ ይመጣል። ነገር ግን ቢ12 ከደም ሌላ የነርቭም ጠባቂ ነው። ቢ12 የጐደለው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻ በብዛት ቢወስድ፣ ለምሳሌ 5 ሚሊግራም የያዘውን ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ቢውጥ፣ የደም ማነሱ ይድንለታል፤ ወረቀቱም «ደምህ ሞልቷል» ይለዋል። ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን እየተጐዳ ይሄዳል። በመጀመሪያ እግሩ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ አረማመዱ ይሰናከላል፤ ማስታወሱም ይቀንሳል። ጉዳቱ ከቈየ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቍላልና በዓሣ ነው። በአገራችን የጾም ቀን ብዙ ነው፤ ሆኖም ጕበት ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ ያህል ስለሚያከማች፣ ጾም ራሱ ይህን በሽታ ያመጣል ማለት አይደለም። የሚያሠጋው በፍስክም ቀን ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ እምብዛም ለማይቀምሱ ሰዎች፣ እንዲሁም ሆዳቸው ቢ12ን መምጠጥ ላቃተው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነው። እግራቸው የሚደነዝዝባቸው አረጋውያን «ደም እንዲሆናችሁ» ተብሎ የተሰጣቸውን ፎሊክ አሲድ ከመዋጣቸው በፊት ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። የነፍሰ ጡር እናቶች ኪኒን ግን በመጠኑ ዝቅተኛ ስለ ሆነና ጥቅሙ ስለሚበልጥ ከዚህ ሥጋት ውጭ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከላይ ከተናገርነው የሚከተለው ምክር አጭር ነው፤ ለመፈጸምም ገንዘብ አይጠይቅም።

1ኛ. ለደም ምርመራ ስትሄዱ በቤታችሁ ያለውን ብልቃጥ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን ከመናገር ብልቃጡን ማሳየት ይበልጣል። አብሽ፣ ሽፈራው ወይም ሌላ ቅጠል የምትወስዱ ከሆነም ሳታፍሩ ተናገሩ።

2ኛ. የጤና ሠራተኛው ስለ መድኀኒት ብቻ ቢጠይቃችሁ እንኳ፣ እናንተ ስለ ቪታሚኑም ጨምራችሁ መልሱ።

3ኛ. ባዮቲን ያለበትን ማሟያ በገዛ ፈቃዳችሁ የምትወስዱ ከሆነ፣ ከታይሮይድ ምርመራ በፊት ቢያንስ ለሁለት ቀን አቁሙት። መጠኑ እጅግ ከፍተኛ ከሆነ ከዚህ የረዘመ ጊዜ ሊያስፈልግ ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቁ።

4ኛ. ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኀኒት፣ ለነፍሰ ጡር የተሰጠውንም የብረት ኪኒን፣ ለምርመራ ብላችሁ በራሳችሁ ሥልጣን አታቋርጡ።

5ኛ. የተቀበላችሁት ውጤት ከሰውነታችሁ ስሜት ጋር ፈጽሞ የማይስማማ ከሆነ መድኀኒት ከመጀመራችሁ በፊት «ከወሰድሁት ማሟያ የመጣ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ምርመራውን መድገም ያለ በሽታ ከመታከም ይቀላል።

6ኛ. ስጦታ የምትቀበሉ ሁሉ፣ ከመዋጣችሁ በፊት በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አስነብቡ። ስጦታ የምትልኩም ዘመዶች፣ ኪኒኑ ለምን እንደ ሆነና መጠኑ ምን ያህል እንደ ሆነ በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩ።

በዚህ በመጨረሻው ጕዳይ መምህራን ትልቅ እርዳታ ሊያደርጉ ይችላሉ። በብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ጎረቤት ብልቃጡን ይዞ የሚመጣው ወደ መምህሩ ቤት ነው። በዚያን ጊዜ ባዮቲን፣ ቪታሚን ቢ7 ወይም ቪታሚን ኤች የሚል ቃል መኖሩን፣ መጠኑም በማይክሮግራም ወይም በሚሊግራም መጻፉን አይቶ መንገር ታላቅ ውለታ ነው። አንድ ሚሊግራም 1,000 ማይክሮግራም መሆኑን ተማሪዎችም በሒሳብ ትምህርት ሊለማመዱት ይችላሉ። አንድ ልጅ ወደ ቤቱ ተመልሶ የእናቱን ብልቃጥ ቢያነብላት፣ ትምህርቱ ከክፍሉ ወጥቶ ለቤተ ሰቡ ጤና ደረሰ ማለት ነው።

ለሥራ ባልደረቦቻችንም የምንለው አለ። ደም ከመቅዳታችን በፊት «መድኀኒት ትወስዳላችሁ ወይ?» ብለን ብቻ አንለፍ። «ቪታሚን፣ የጠጕር ኪኒን፣ በውሃ የሚሟሟ ነገር፣ አብሽ ወይም ቅጠል ትወስዳላችሁ ወይ?» ብለን በስሙ እየጠራን እንጠይቅ። መልሱንም ደሙ በሚላክበት ወረቀት ላይ እንጻፈው። ደሙ ከራቤል ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሲደርስ፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ታማሚውን አያየውም፤ የሚያየው እኛ የጻፍነውን ብቻ ነው።